አዲሱ ቆርቆሮ ለምን ቶሎ ዛገ? የአያቴ የእህል ቤት ግን እስካሁን አያፈስም

የሆጤዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ጣሪያ ነው። ደሴ ሆጤ ያለው የቤተሰብ ቤታችን በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ተበሳስቶ ነበር። በ2014 በበልጉ ቆርቆሮ ገዝተን፣ ክረምት ሳይገባብን ሰኔ ላይ አስለበስነው። ባለ 32 ጌጅ ነው። ነጋዴው "አንደኛ ነው፣ ልጆችሽም ይኖሩበታል" ብሎ ነው የሸጠልን።

ሰሞኑን ለዲሽ ብለው መሰላል ሲያቆሙ እኔም ወጥቼ አየሁት። ደነገጥኩ። ሚስማሩ በተመታበት መስመር ሁሉ ቡናማ ሆኗል። ታች በኩል፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደራረበበት ቦታ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የማድቤቱ የባሰ ነው። ከውስጥ ቀና ስትሉ ብርሃን የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

እዚያው ግቢ አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ያሠራው የእህል ቤት አለ። ቆርቆሮው ደብዝዟል፣ ግራጫ ሆኗል፣ ግን ጠብታ አያስገባም። እናቴ "የዘንድሮ ዕቃ በረካ የለውም" ትላለች። እኔ ግን ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። የዕቃው ጥፋት ነው ወይስ የአሠራሩ? ይድናል ወይስ ይውለቅ? ባለሙያ ካለ በአላህ ይምከረኝ።

ጦሳ ሥር፦

እህት፣ የደሴ ጉም ነው። እኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ጣሪያው ላይ ይተኛል፣ እስከ ረፋድ አይደርቅም። ሬንጅ አቅልጠሽ ከላይ አስቀቢው፣ ይገላግልሻል።

ቆርቆሮ መቺው፦

አብሽሪ እህቴ። ሬንጁን ግን አሁን አትንኪው። ዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ ዝገቱን አያቆምም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይበላል፣ አንቺ ደግሞ አታይውም።

የጉሙን ነገር ወንድማችን እውነቱን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እርጥበቱም ብርዱም አለ። ነገር ግን ያው ጉም ለአያትሽ እህል ቤትም ይደርሳል። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ የምሠራው ግን ከሐይቅ እስከ ኩታበር ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት እነዚህን ንገሪኝ። ቆርቆሮው ከተገዛ በኋላ እስኪመታ የት ነበር? በምን ነው የተቆረጠው? ማገሩ በመጋዝ የተሰነጠቀ ሞራሌ ነው ወይስ ድፍን እንጨት፣ እንጨት ከሆነ ደርቆ ነበር ወይ? ማድቤቱ በምን ነው የሚያበስለው? ኮርኒስ አለው? ኮርኒስና ቆርቆሮ መሀል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ?

የሆጤዋ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተደራርቦ ነበር፣ ላስቲክ አልብሰነዋል። አናጺ እስክናገኝ በልጉ አለፈ። ሲነሳ መሀል መሀሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበረው፤ "አቧራ ነው፣ ዝናብ ያጥበዋል" አሉን። የቆረጡት ጣሪያው ላይ ሆነው በግራይንደር ነው። ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከተቆረጠ ብዙም አልቆየም ነበር። ማድቤት እንጀራ በእንጨት ነው የምንጋግረው። ዋናው ቤት ኮርኒስ አለው፣ ዙሪያውን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። አይጥና ወፍ እንዳይገባ ብለን ነው።

ቆርቆሮ መቺው፦

አሁን ገባኝ። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታግሰሽ አንብቢው። ይህን ነገር በየቤቱ ስለማየው ያንገበግበኛል። ሰው የዓመት ልፋቱን ጣሪያ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ በትንሽ ነገር ያጣዋል።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሥሩ ብረት ነው። ብረቱን የሚጠብቀው ከላይና ከታች የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። ዚንኩ እስካለ ብረቱ አይዛግም። ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ አጠገቡ ያለው ዚንክ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ዕድሜ ማለት የዚንኩ ዕድሜ ነው። ገበያ ላይ ሁላችንም የምንጠይቀው ጌጁን ነው። ጌጅ የሚነግረን የቆርቆሮውን ውፍረት ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ስንት ዚንክ እንደተለበጠ ግን ጌጁ አይናገርም። የዚንኩ መጠን የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም በሚል ነው፣ የሁለቱም ፊት ተደምሮ። 275 ግራም ያለው በእያንዳንዱ ፊት ወደ 20 ማይክሮን ዚንክ አለው። 100 ግራም ያለው ወደ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ሁለቱም ባለ 32 ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሲገዙ ያብረቀርቃሉ። በዓይን አትለይውም።

ስለዚህ የዕቃው ድርሻ የለም አልልም። ነገር ግን ያንቺን ቆርቆሮ ግማሹን የገደለው ገና ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ነው።

ያ ነጭ ዱቄት አቧራ አይደለም። የተበላ ዚንክ ነው። አዲስ ዚንክ አየር ሲያገኝ፣ እየረጠበ እየደረቀ፣ በላዩ ላይ ጠንካራ ግራጫ ሽፋን ያበጃል። ያ ሽፋን ነው ዓመታት የሚያቆየው። የአያትሽ ቆርቆሮ ግራጫ የሆነው ለዚህ ነው፣ ጤናው ነው። ተደራርቦ ሲቀመጥ ግን በሁለቱ መሀል የገባ ውሃ መውጫ የለውም፣ አየርም አይደርሰውም። ያኔ ጠንካራው ሽፋን አይሠራም፣ ዚንኩ በዝምታ ወደ ነጭ ዱቄት ይቀየራል። ላስቲኩ ደግሞ የጠቀመሽ መስሎሽ ጎድቶሻል። ከላይ ዝናቡን ከለከለ፣ ከመሬት የሚነሳውን እንፋሎት ግን ውስጥ አስቀረው። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም ያለበት አገር ነው። የካቲትና መጋቢት ዝናብ የለም ብሎ ዕቃ ሜዳ ላይ መተው እዚህ አይሠራም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። እርጥብ ከሆነ በዚያው ቀን አንድ አንዱን ለይቶ ማቆም ነው። ይኼ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ግራይንደሩ ነው። ብልጭታው የጋለ የብረት ፍንጣሪ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል፣ ዚንኩን ያቃጥላል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ራሱ ይዝጋል። የተቆረጠበት ጠርዝም ዚንኩ ተቃጥሎ ባዶ ይቀራል። ቆርቆሮ የሚቆረጠው በመቀስ ነው። ግራይንደር ግድ ከሆነ መሬት ላይ፣ ከሌላው ቆርቆሮ ራቅ ብሎ፣ ከዚያም ጠርዙን መቀባት። ጣሪያ ላይ ሆኖ መቁረጥ ግን ሠራተኛው ቶሎ ስለሚጨርስለት ብቻ የሚደረግ ነው።

ሚስማሩን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪ ጥሩ ነበር። እንደገመትኩት ከሆነ ጎማ የለውም፣ ወይም ቦዩ ውስጥ ነው የተመታው። ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፤ ቦዩ የውሃው መንገድ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይሸመቅቃል፣ ይጣመማል። ሚስማሩ ይላላል፣ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ይነቃነቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃው ወደ እንጨቱ ይገባል። እንጨቱ ረጥቦ ከቆርቆሮው ሆድ ጋር ተጣብቆ ይውላል። መስመር ሠርቶ የዛገው ለዚህ ነው። ዝገቱ ማገሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ልብ ብለሽ እዪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ጣሪያ ከላይ በዝናብ የሚያልቅ ይመስለዋል። እኔ ያወለቅኳቸው ቶሎ ያለቁ ጣሪያዎች አብዛኞቹ ከታች ነው የተበሉት። ላይኛው ፊት ፀሐይ ያገኘዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ይደርቃል። ታችኛው ፊት ማን ያደርቀዋል? ደሴ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቆርቆሮው እንደ በረዶ ይሆናል። ከቤት የሚወጣው ትንፋሽ፣ የምጣዱ እንፋሎት፣ የታጠበው ወለል፣ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና ቆርቆሮው ሆድ ላይ ውሃ ይሆናል። ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ ኮርኒሱ የሚረጥብባቸው ቤቶች አሉ። "ያፈሳል" ብለው ይጠሩኛል፣ ወጥቼ ሳይ አንድ ቀዳዳ የለም። ዙሪያውን ከዘጋሽው ያ እርጥበት የትም አይሄድም።

ማድቤቱ ላይ ጭሱ ይጨመራል። የእንጨት ጭስ ውስጥ አሲድ አለ። ከእንፋሎቱ ጋር ሲቀላቀል ዚንክ ይበላል። ጥላሸቱም እርጥበቱን ይይዛል። ለዚህ ነው የማድቤቱ ቀድሞ የተበሳው።

የአያትሽን እህል ቤት ሄደሽ እዪው። ቆርቆሮው በእርግጥ ወፍራም ሳይሆን አይቀርም። ግን ኮርኒስ የለውም፣ እሳት አይነድበትም፣ ግድግዳውና ጣሪያው መሀል ክፍት ነው። እህሉ እንዳይሻግት ብለው ነው የተዉት። ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቆርቆሮውን ያቆየው ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲሽ ልትተክሉ ነው ብለሻል። በአላህ ጣሪያው ላይ አታስተክሉ። ግድግዳ ወይም መሬት ላይ ምሰሶ ይቁምለት። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ማገር በሌለበት ይረግጣል፣ ቆርቆሮው ይሰረጉዳል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ ሲሚንቶ አቡክተው እግሩን ያቆሙታል። እርጥብ ሲሚንቶ ዚንክ ይበላል። ነፋስ እንዳያነሳው ተብሎ የሚጫን ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ ከሥሩ ሁሌም እርጥብ ነው።

ቤት ጀማሪ፦

ጋሼ፣ ጽሑፍህን አስቀምጬዋለሁ፣ አላህ ይጨምርልህ። እኔ ኮምቦልቻ ቤት እየሠራሁ ነው፣ ጣሪያ ላይ ደርሻለሁ። አንድ ሱቅ "ሺንግል" የሚባል አሳይተውኛል። እንደ ምንጣፍ ነው፣ ላዩ ጠጠር አለው፣ ቀይና ግራጫ። "አሜሪካ ቤቱ ሁሉ ይኼ ነው፣ ዝገት አያውቀውም፣ 30 ዓመት" አሉኝ። እንዴት ታየዋለህ?

ቆርቆሮ መቺው፦

ወንድሜ እኔ እጄ ላይ የቆርቆሮና የኢጋ ሥራ ነው ያለው። ሺንግሉን የሠራበት ሰው ይመልስልህ።

የውጫሌ ልጅ፣ ሜሪላንድ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሺንግል ጣሪያ ማልበስና ማውለቅ ነው። ቤት ጀማሪ፣ ሱቁ የነገረህ ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። እዚህ እኛን ሥራ የሚያበዛልን ዕድሜው ሳይደርስ ያለቀ ሺንግል ነው።

ሺንግል ማለት የፋይበርግላስ ምንጣፍ በአስፋልት ተነክሮ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር የተጫነበት ነው። ጠጠሩ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልህ። አስፋልቱን ከፀሐይ የሚጋርደው እሱ ነው። ጠጠሩ ሲረግፍ ፀሐይ አስፋልቱን ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። አሸንዳ ውስጥ ጠጠር ሲጠራቀም ካየህ ጣሪያው እየተላጠ ነው። አዲስ ሲለበስ ትንሽ ይረግፋል፣ እሱ ያለ ነው። ከዓመታት በኋላ በብዛት ሲረግፍ ግን አይደለም። በረዶ ያረግፈዋል፣ እየወጡ መርገጥ ያረግፈዋል፣ በግፊት ውሃ ማጠብ ደግሞ ይጨርሰዋል። ጥቁር መስመር ወጣበት ብለው የሚያሳጥቡ አሉ። ጥቁሩ አልጌ ነው፣ መልኩን ነው እንጂ የሚያበላሸው ጣሪያውን አይገድለውም። የሚገድለው አጠባው ነው።

ቆርቆሮ መቺው የጻፈውን ሳነብ ልቤ ደስ አለው፣ እዚህም ትልቁ ገዳይ እሱ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ካልተነፈሰ በበጋ ሙቀቱ ሺንግሉን ከታች ያበስለዋል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሥሩ ያለውን እንጨት ያበሰብሰዋል፣ ሚስማሩም ይላላል። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ወቅት የለበሱ ሁለት ቤቶች አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ራሰ በራ ሆኖ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የአየር ቀዳዳው ነው። ወደ ደቡብ የሚያየው ፊት ቀድሞ ያልቃል፣ ፀሐዩ እዚያ ስለሚበረታ። የአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ በ150 ካሬ ሜትር የኮርኒስ ስፋት 1 ካሬ ሜትር የአየር ክፍተት ይጠይቃል። ከታችም ከላይም ተመጣጥኖ ከተከፋፈለ በ300 አንድ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ። አየር ከታች በክፈፉ ይገባል፣ ከላይ በኮልሞው፣ ማለት በጣሪያው አናት ክዳን በኩል፣ ይወጣል።

ሌላው የሚስማር ነገር ነው። አንድ ሺንግል 4 ሚስማር ይፈልጋል፣ ነፋስ የሚበረታበት ቦታ 6። በመስመሩ ላይ መመታት አለበት። ከፍ ብሎ ከተመታ ይንሸራተታል። በአየር መዶሻ በኃይል ከተመታ ምንጣፉን ቀዶ ያልፋል፣ ያኔ የያዘው ነገር የለም። በብርድ ከተለበሰ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ፀሐይ አግኝቶ ሳይቀልጥ ነፋስ ይቀድመዋል። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብም አለ። ማውለቂያ ለማትረፍ ነው የሚደረገው፣ ሙቀቱን ይይዛል፣ ከሥር የበሰበሰውንም ይደብቃል።

ለአንተ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ሺንግል ማገር ላይ አይመታም። ከሥሩ ሙሉ የእንጨት ወለል ይፈልጋል፣ ፕላይውድ ወይም ተመሳሳይ፣ በላዩ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ። ተዳፋቱ ወደ ጎን 12 ሲሄድ ቢያንስ 2 ከፍ ማለት አለበት፣ ከፍታው ከ4 በታች ከሆነ ንጣፉ ድርብ ይሆናል። ፕላይውዱ ኮምቦልቻ ስንት ነው? ሚስማር አመታቱን የሚያውቅ ሠራተኛ አለ? አንድ ቦታ ቢቀደድ ያንኑ ዓይነት ሺንግል ከዓመታት በኋላ ታገኛለህ? እነዚህን መልስና ወስን። 30 ዓመት የሚለው እሽጉ ላይ የተጻፈ ነው፣ የአለባበሱን ስህተት አይሸፍንም። እኔ ወንድሜ ውጫሌ ላይ ቤት ሲሠራ ቆርቆሮ አልብስ ነው ያልኩት፤ ከሥሩ አየር ይኑረው ብዬ።

ቤት ጀማሪ፦

ፕላይውዱን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ጀዛከላህ። ወደ ቆርቆሮው ተመልሻለሁ።

የሆጤዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልን። ሄጄ አየሁት። ጋሼ እንዳልከው ሚስማሩ ጎማ የለውም፣ ብዙው ቦዩ ውስጥ ነው። ዲሹን አስቁሜዋለሁ። አሁን አቅሜ የማድቤቱን መቀየር ብቻ ነው። ዋናውን ቤት በምን ላቆየው? የአየር ቀዳዳውስ ስንት ይሁን? ቤቱ 60 ካሬ ይሆናል።

ቆርቆሮ መቺው፦

የማድቤቱን መቀየርሽ ልክ ነው፣ የተበሳ ቆርቆሮ አይቀባም። አሮጌውን ሲያወልቁ ማንም እንዳይረግጠው፣ ጣውላ ዘርግተው ማገር ማገሩን ይሂዱ።

ለአዲሱ ስትገዢ ውፍረቱን በሚሊሜትር፣ ዚንኩን በግራም ጠይቂ። የማይመልስ ነጋዴ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ገንዘቡ ከፈቀደ ባለ 28 ግዢ፣ ለማድቤት ይገባዋል። ከመጫንሽ በፊት ከእሽጉ መሀል አንድ ሁለቱን ገልጠሽ እዪ። ነጭ ካለበት አትቀበዪ። ያ ሲሠራ የጭስ ማውጫ ይሠራለት፣ ከምጣዱ በላይ፣ ከጣሪያው አልፎ የሚወጣ። ኮልሞውንም ሁለቱን ጫፍ ክፍት አድርጉለት። በእንጨት ጭስ ላይ ይኼ ካልተደረገ ወፍራሙም ቢሆን ያንኑ መንገድ ነው የሚሄደው።

ዋናው ቤት ይድናል። ሚስማሩን እየነቀሉ ጎማ ባለው ብሎን ጉብታው ላይ ያጥብቁት፣ የቦዩን ቀዳዳ በጣሪያ ማሸጊያ ይድፈኑ። የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት፣ በሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ፣ በላዩ የጣሪያ ቀለም። የተደራረበበትን ቦታ ገልጠው ውስጡንም ይቀቡት፣ እሱን ካለፉት ሥራው ከንቱ ነው። ጊዜው በልጉ አልፎ ክረምት ሳይገባ፣ ወይም ከጥቅምት ወዲህ ይሁን። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ አይጀምሩ። የማድቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ግን በተራ የዘይት ቀለም አትቀቢ፣ አዲስ ዚንክ ላይ አይይዝም፣ ይላጣል።

ቀዳዳው የሜሪላንዱ ወንድማችን ባለው ስሌት ለ60 ካሬ 0.4 ካሬ ሜትር ነው። 20 በ20 ሳንቲም የሆኑ አሥር ቀዳዳዎች ማለት ነው። ግማሹን ከታች ክፈፉ ሥር፣ ግማሹን ከላይ በሁለቱ ጉልላት ጎን አድርጊ። ወንፊት ሽቦ ይመታበት፣ አይጥም ወፍም አይገባም። ወንፊቱ ጥቂት ስለሚዘጋው ሁለት ሦስት ቀዳዳ ጨምሪበት። ይኼን ቀለሙን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ማሠራት ትችያለሽ፣ አንድ አናጺ ይበቃዋል።